ለዘሀራ አጣምሜ ያነበብኩላት ወረቀት

ነገሩ ከሆነ ሦስት ክረምት አለፈው። ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለባሌም ቢሆን። አሁን የምጽፈው ሰው አይዞሽ እንዲለኝ አይደለም። አይዞሽ የሚያስብል ነገር አልሠራሁም።

የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ችግኝ አፍልቼ እሸጣለሁ፤ ቡና፣ ፓፓያ፣ ለግቢ የሚሆን አበባም። ዘሀራ ጎረቤቴ ነበረች። ዐረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርታ፣ ወገቧን ታማ የተመለሰች ሴት ናት። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። "ከእንግዲህ ልጄን ጥዬ የትም አልሄድም" ብላ እሷም እንደኔው መደብ አበጅታ ችግኝ ጀመረች።

በዚያ ዓመት ለችግኝ አፍይዎችና ለግቢ አትክልተኞች ውጫሌ ላይ ሥልጠና ተሰጠ። ሁለታችንም ተመዘገብን። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ አብረን እንሄዳለን፤ ቀድማ ከደረሰች ቦታ ትይዝልኛለች። ያኔ ሐይቁ ዳር አዲስ ሎጅ ይሠራ ነበር። ባለቤቱ ከሠልጣኞቹ አንደኛ ለወጣ ሰው የግቢውን አትክልት በቋሚነት እሰጣለሁ ብሏል።

ዘሀራ ይህን ስትሰማ እዚያው ሚኒባስ ውስጥ እጇን ዘርግታ ዱአ አደረገች። ሥራው ከተገኘ አገሯ ትቀመጣለች፤ ካልተገኘ የዐረብ አገሩ ደላላ በሯ ላይ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሳላውቅ አጠፋሁ የምልበት አፍ የለኝም።

እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ዘሀራ ከሁለተኛ ክፍል ነው የወጣችው፤ ስሟን ከመጻፍ አታልፍም። ግን ቢላዋ ስትይዝ ሌላ ሰው ናት። አቮካዶ ማዳቀል ስንማር የአገር ቤቱን ችግኝ አናቱን ቆርጣ፣ መሐሉን ሰንጥቃ፣ ከጥሩው ዛፍ የመጣውን ቅርንጫፍ ሰክታ ስታስረው እኔ ገና ቢላዋዬን እስላለሁ። አሠልጣኙ አየና "እጅ ማለት እንዲህ ነው! እናንተ ደብተር ታጨናንቃላችሁ" አለ። ያየው ወደኔ ነበር። ደብተሩን በጥሩ ጽሕፈት የሞላሁት እኔ ነኛ!

ሰው "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብሎ ይለምናል። እንደኔ ዓይነቷን ግን አላህ ይሰውር። ያን ቀን እቤቴ ገብቼ እህል አልወረደልኝም።

ለፈተናው እያንዳንዳችን አሥራ አምስት ችግኝ አዳቅለን ወደየቤታችን ወሰድን። ከወር በኋላ ይዘን ስንመጣ የያዘውና የደረቀው ይቆጠራል ተባለ። ስለ እንክብካቤው በተማርንበት በመጨረሻው ቀን ዘሀራ አልነበረችም፤ የአጎቷ ለቅሶ ገጠር ሄዳለች። አሠልጣኙ ደግሞ "ያልመጣ ቀረበት" ባይ ነው። ስትመለስ እሱን ደውላ መጠየቅ ፈርታ ወደኔ መጣች።

"ሉባባዬ፣ ያለፈኝን እስቲ አንብቢልኝ።"

የታደለንን ወረቀት አወጣሁ። የተጻፈው ግልጽ ነው። የተዳቀለውን የሚሸፍነው ላስቲክ አዲስ ቡቃያ ወጥቶ ቅጠል እስኪዘረጋ አይነሳም፤ ችግኙም ከጥላ አይወጣም ይላል። ያለጊዜው ከተነሳ ቅርንጫፉ ሳይጋጠም ይደርቃል።

እኔ "በአምስተኛው ቀን ላስቲኩ ይነሳ፣ ፀሐይ ይምታው" ብዬ አነበብኩላት። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ከነውሸቴ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አስኬድ ነበር። እሷ እንዳይጠፋት ሦስት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ "አላህ ያክብርሽ" ብላኝ ወጣች።

የኔን ችግኞች እንዳታይ ከጓሮ ወስጄ አጠርኳቸው። "ዓይን እንዳይገባባቸው ነው" አልኩ። እኛ ዘንድ እንዲህ ከተባለ ላሳየኝ የሚል የለም። ዘሀራም "ደግ አደረግሽ" ብላ ተወችው።

በአምስተኛው ቀን ላስቲኩን አንስታ ፀሐይ ላይ ደረደረቻቸው። ብዙም ሳይቆይ ቅርንጫፎቹ ይጠቁሩ ጀመር።

"ሉባባ፣ ምን አጠፋሁ? እየከሰሉብኝ ነው እኮ!"

"አብሽሪ፣ መጀመሪያ እንዲህ ነው፤ ይመለሳል" አልኳት። አብሽሪ ወሎ ውስጥ ለታመመ፣ ለከፋው ሰው ከአንጀት የሚባል ቃል ነው። እኔ ለዚህ አዋልኩት። ያኔ እውነቱን ብነግራት ጥቂቶቹ በተረፉ።

የቆጠራው ቀን ችግኞቻችንን በካርቶን ይዘን ውጫሌ ሄድን። የኔ አሥራ ሦስቱ ይዘዋል፤ ከሁሉም በላይ። የዘሀራ አንድም የለም። አሠልጣኙ አንዱን አንስቶ "ይሄ ለማገዶ ነው የመጣው?" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እንዲያውም ጮክ ብዬ።

"ምን አድርገሻቸው ነው?" አላት። አሁን ትናገራለች፣ ተዋረድኩ ብዬ ነበር። እሷ ግን መዳፏን ገልብጣ አየችው።

"እንደ ወረቀቱ ነው ያደረግኩት። እጄ ነው። እጄ ያደርቃል" አለች። አሠልጣኙም ሌላ ሳይጠይቅ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሐይቅ ገባ። ያቺ ሴት እጇ ያደርቃል ተባለ። ከእሷ ችግኝ የሚገዛ ጠፋ። አንድ ቀን የጎረቤት የቃሪያ መደብ ልታርም ጎንበስ ስትል ባለቤቲቱ "እቴ ተይው፣ እጅሽን ሰብስቢ" ስትላት ሰማሁ። እዚያው ቆሜ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ልጇን እናቷ ጋ ገጠር ትታ ተመልሳ ዐረብ አገር ሄደች፤ ከነወገቧ። ልሸኛት ሄጄ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። "አንቺ ባታነቢልኝ ኖሮ እስከዚያስ መች እደርስ ነበር" አለችኝ። ይህን ብላኝ ባጃጅ ውስጥ ገባች። እኔ ደግሞ በሳምንቱ ሎጁ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ።

ዘንድሮ ያው አሠልጣኝ አዲስ ሠልጣኞች ሎጁ ድረስ አምጥቶ "እስቲ አንቺ አሳዪያቸው፣ ጎበዝ ነበርሽ" አለኝ። አዳቅዬ አሳየሁ። ከመሐላቸው አንዲት ሴት "ላስቲኩ መቼ ነው የሚነሳው?" ብላ ጠየቀች። ራሴን አመመኝ ብዬ ገለል አልኩ።

ያን ቀን ለዘሀራ በኢሞ ደወልኩላት። እንዴት ከረምሽ እንኳ በደንብ አላልኳትም።

"ዘሀራ፣ ያኔ ያነበብኩልሽ ውሸት ነው። ወረቀቱ አምስተኛ ቀን አይልም። ያደረቅኩብሽ እኔ ነኝ" አልኳት።

እርግማኑን ጠበቅኩ። ብትረግመኝ እላለሁ ብዬ ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ነበረኝ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ዘሀራ?" አልኩ።

"እጄ አይደለም ማለት ነው?" አለችኝ።

"አይደለም።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ደጋግማ አለችው፤ እያለቀሰች። ለምን አደረግሽው ብላ አልጠየቀችኝም። አሠሪዋ ስትጣራ ተሰማኝና ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስንቴ ደወልኩ፤ አታነሳም።

ስድብና እርግማን ቢሆን እችለው ነበር። ደስ ሲላት መስማቴ ነው የጨረሰኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የገዛ እጇን ስትፈራ ኖራለች፤ እኔ እሱን አስቤው እንኳ አላውቅም ነበር። እኔ የማስበው ሥራውን ስለመቀማቴ ብቻ ነበር።

ሎጁን ልልቀቅ ብዬ ስንት ጊዜ ተነሳሁ። ደሞዙ ጥሩ ነው፤ አልለቀቅኩም። ነገም ጠዋት እገባለሁ።