በበቅሎ የመጣ ማስረጃ

ዝናብ ያራሰው የበግ ጸጉር ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ታክሲ ውስጥ ነበርሁ። አንድ አዛውንት ጥቁር በርኖሳቸውን እንደ ደረቡ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። በርኖሱ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ሽታው መኪናውን ሞላው። በዚያው ሰዓት ከሾፌሩ ሬዲዮ አንድ አፈ ጮሌ ወጣት ዲግሪ ለሥራ ስኬት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም እያለ አድማጮችን ያከራክራል። አንዱ ደውሎ ያለ ዲግሪ ሀብታም የሆኑ ሰዎችን ስም ይደረድራል፤ ሌላዋ ደውላ ልጆቼን ያሳደግሁት በዲግሪዬ ነው ትላለች። ይህን ክርክር በየሰርጉና በየለቅሶው ስሰማው ኖሬ ታክቶኛል። ከሚከራከሩት ውስጥ መሪጌታ እንዳላማውን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

መሪጌታ እንዳላማው ብቸና ውስጥ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የሚያስተምሩን ሰው ነበሩ። በርኖሳቸውን ክረምት ከበጋ አይለዩትም። ዝናብ ሲመታቸው ውለው ሲገቡ እኛ በረንዳ ላይ ያለች ሚስማር ላይ ይሰቅሉታል፤ ያ ሽታ ከእናቴ ሽሮ ጋር ተቀላቅሎ ያመሻል። የወጡት ከቅኔ ቤት ነው። ደብረ ወርቅ የኔታ የሚሏቸው መምህር ዘንድ ለዓመታት ተቀምጠው ሲማሩ ኖረው፣ አንድ ቀን የኔታ “በቅተሃል፣ ሂድ አስተምር” አሏቸው። ሄደው አስተማሩ። በንጉሡ ጊዜ የነበረ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ዝናቸውን ሰምቶ አማርኛ እንዲያስተምሩ አስገባቸው። ያን ጊዜ ወረቀት የጠየቃቸው የለም።

በእኛ ዘመን የክፍላችን ግድግዳ ላይ የአብዮቱ መፈክር በቀይ ቀለም ተጽፏል። መሪጌታ ከመፈክሩ ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። ድርሰት ጽፈን ስናመጣ እንደ ሌሎቹ አስተማሪዎች ወስደው አያርሙልንም፤ ጮክ ብለን እንድናነበው ያዙናል። ዐረፍተ ነገሩ ሲንሻፈፍ መቋሚያዋ ወለሉን ትመታለች። “ድገሚ” ይላሉ። ምን እንዳጠፋሽ አይነግሩሽም። ራስሽ ፈልገሽ እስክታገኚው ድረስ ድገሚ ነው። እኔ ክፍል ፊት ቆሜ በንዴት አልቅሼ አውቃለሁ። እየዋለ እያደረ ግን መቋሚያዋ ከመውረዷ በፊት ዐረፍተ ነገሬ የቱ ላይ እንደሚያነክስ ጆሮዬ ራሱ ይነግረኝ ጀመር።

መምህራን ክረምት ክረምት እየሄዱ ተምረው ዲፕሎማቸውንም ዲግሪያቸውንም ይዘው ይመለሱ ነበር። እናቴ ይህን ታያለችና አታስቀምጣቸውም።

“መሪጌታ፣ እንደ ሰዉ ሄደው ያችን ወረቀት ይዘው ቢመጡ ምን ይጎድልብዎታል?”

“የኔታ አስተምር ብለውኛል እኮ” ይላሉ ረጋ ብለው። “ከእሳቸው ሌላ ማንን ላስፈቅድ ነው?”

እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ ከድስቶቿ ጋር ትጣላለች። እኔም በሆዴ ከእሷ ጋር ነበርሁ። የእሳቸው ረጋ ማለት ያበግን ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባሁ ዓመት የፈራነው መጣ። ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በወረደ መመሪያ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር ሁሉ የትምህርት ማስረጃውን እንዲያቀርብ፣ ያላቀረበ ከክፍል እንዲወጣ ታዘዘ። መሪጌታ ቅንጣት አልደነገጡም። ፈቃድ ጠይቀው ወደ ደብረ ወርቅ ሄዱ። እኛ ወረቀት ፍለጋ የሄዱ መስሎን እፎይ አልን። ይዘው የመጡት የኔታን ነው።

በቅኔ ቤት ወግ አንድ ሰው ከማን እንደተማረ ይጠየቃል፤ መምህሩ “አዎ፣ የእኔ ተማሪ ነው፣ በቅቷል” ካሉ ነገሩ አለቀ። ለመሪጌታ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ በምድር ላይ አልነበረም። እናም ዓይናቸው የደከመ፣ ወገባቸው የጎበጠ ሽማግሌ መምህራቸውን በበቅሎ አስቀምጠው፣ ልጓሙን ራሳቸው ይዘው፣ ከደብረ ወርቅ ብቸና ድረስ በእግራቸው መጡ። እኛ ተማሪዎቹ ወሬውን ሰምተን ትምህርት ጥለን የጽሕፈት ቤቱ መስኮት ላይ ተደረደርን።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ ሥዩም ክፉ ሰው አልነበረም። ከወንበሩ ተነሥቶ የኔታን በእጁ ደግፎ አስቀመጣቸው።

“አባቴ፣ ምን እንርዳዎት?”

“ማስረጃ አምጣ ብላችሁታል አሉ” አሉ የኔታ። “ያስተማርሁት እኔ ነኝ። የምትጠይቁኝን ጠይቁኝ።”

ጸሐፊዋ ታይፑ ላይ አቀርቅራ ሳቋን ዋጠች። ጓድ ሥዩም ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

“እርስዎን ፋይል ውስጥ ላስገባዎት አልችልም እኮ አባቴ። የሚፈለገው ወረቀት ነው።”

“እንግዲያው እኔ ልናገር፣ እናንተ ጻፉት።”

“እኛ ከጻፍነውማ የእኛ ወረቀት ሆነ።” ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ደብሩ ማህተም አለው አይደል? አስተዳዳሪው ተምሯል ብለው በማህተም ይጻፉልኝ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እቀበላለሁ። ብቻ በዚህ ሳምንት ይድረስልኝ።”

መስኮቱ ላይ የነበርነው ሁሉ ተነፈስን። ተገላገልን ስንል መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ።

“መምህሬ ፊትዎ ቁጭ ብለው እየመሰከሩ የደብር ጸሐፊ ያረጋግጥልኝ ይሉኛል? አላደርገውም። ለእሳቸው ውርደት ነው።”

ዘልዬ ገብቼ አፋቸውን ብይዘው ደስ ባለኝ። አንዲት ማህተም። ሰውየው በሩን ከፍቶ ግቡ እያለ እሳቸው ደጅ ቆመው ስለ ክብር ያወራሉ። ወጥተው በቅሎዋ ዘንድ ሲደርሱ የኔታ እርካቡን በእጃቸው እየዳሰሱ ቆሙ።

“ማህተሟን ብታስመታ ምን ነበር?” አሉ።

“ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው የኔታ።”

“በዚህ ዕድሜዬ ወገቤ እስኪቆረጥ በበቅሎ የተንገላታሁት አንተ ክፍልህ እንድትገባ ነው። ለክብሬ ቢሆንማ ከቤቴ አልወጣም ነበር።”

መምህራቸው እንዲያ ካሏቸው በኋላ መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ፤ ማህተሟንም ሊያስመቱ ተስማሙ። ግን ደብረ ወርቅ ሲደርሱ አስተዳዳሪው ለሥራ ርቀው ሄደዋል፤ ማህተሙም እሳቸው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እስኪመለሱ ተጠበቀ። ወረቀቷ ተጽፋ፣ ማህተሟ ተመትታ ብቸና ስትደርስ ጓድ ሥዩም ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሮ ነበር። በቦታው የተተካው ሰው ወረቀቷን ገና ከላይ አይቶ መለሳት። “ይህ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ነው፤ መንግሥት አያውቀውም” አለ።

መሪጌታ ከክፍል ወጡ። ሞጣ በሚገኝ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ተመደቡና ሣጥናቸውን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነው ሄዱ። ለእኛ በምትካቸው በጂኦግራፊ ዲግሪ ያለው ወጣት ተላከልን፤ ዲግሪ እስካለው ድረስ የምን ዲግሪ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ልጁ ቅን ነበር። “እኔ ያጠናሁት የአፈር መሸርሸር ነው፣ ምን ላድርጋችሁ?” እያለ ከመጽሐፉ ያስገለብጠን ነበር። እሱም የተናደደ ይመስለኛል።

እኔ ማትሪክ አልፌ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አማርኛ አጥንቼ በዲግሪ ስመረቅ መንግሥት የመደበኝ የት ነው? ሞጣ፣ እሳቸው ያሉበት ትምህርት ቤት። በመጀመሪያው ቀን ጠመኔ ልወስድ ንብረት ክፍል ስገባ የላምባና የጠመኔ ብናኝ ሽታ ተቀበለኝ፤ ከበሩ ጀርባ ያ በርኖስ ተሰቅሏል። መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ።

“መምህርት፣ እንኳን ደኅና መጡ።”

“መሪጌታ፣ እኔ እኮ ነኝ፤ ብቸና፣ የአከራይዎ የአበቡ ልጅ።”

“አውቄሻለሁ” አሉ ቀስ ብለው። “ተማሪ ይሰማናል። አስተማሪን በተማሪ ፊት አንቺ አይሏትም።”

እሑድ ዕለት ቤታቸው ሄድሁ። ግድግዳው ላይ በመስተዋት የተለበጠች ወረቀት ተሰቅላለች። ጠጋ ብዬ ሳያት የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ናት፤ መሪጌታ እንዳላማው ማንበብና መጻፍ መቻላቸውን ታረጋግጣለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

“የቀበሌው ሊቀ መንበር ትምህርት የለውም የሚል ፋይሌ ላይ አገኘና ከመሃይማኑ ጋር መዘገበኝ።”

“ማንበብ እንደሚችሉ አልነገሩትም?”

“ነገርሁት። ማስረጃ አምጣ አለኝ።”

“ታዲያ ጋዜጣ አንሥተው አያነቡለትም ነበር?”

“አንብብ ሳይለኝ?” አሉ፣ የእኔ ጥያቄ ነውር የሆነ ያህል።

ጎረምሳ ነጋዴዎችና ባልቴቶች መካከል ተቀምጠው ሀ ሁ ብለው፣ ተፈትነው አለፉ። አስተማሪያቸው ልጅ እግር ነበረች። “ጎበዝ ናት” አሉኝ። “ብቻ ቶሎ ትነግራቸዋለች። ራሳቸው እንዲያገኙት አትተዋቸውም።” በሕይወታቸው ከመንግሥት ያገኟት ባለ ማህተም ወረቀት ይህችው ናት። ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ደረስሁ።

አንድ የአማርኛ አስተማሪ ታሞ ክፍሎቹ ባዶ በቀሩ ጊዜ መሪጌታ እንዲይዙለት ዳይሬክተሩን ለመንሁት። “ደረጃቸው አይፈቅድም” አለኝ። ተማሪዎቹ ኳስ ሲጫወቱ ከረሙ።

መሪጌታ ደርግ ሳይወድቅ ዐረፉ። የቀብራቸው ቀን ከደብረ ወርቅ መሪጌቶችና የቅኔ ተማሪዎች በጭነት መኪና ተጭነው መጡ፤ ሞጣ ጊዮርጊስ ግቢው ነጭ ለበሰ። በፍትሐቱ ላይ ቅኔ ተቀኙላቸው፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው እየተነሣ። ሰውየው ማን እንደነበሩ ከመካከላቸው የጠየቀ የለም። ዳይሬክተራችን ግን ግራ ገብቶት ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ።

“የንብረት ክፍል ሠራተኛችን ይህን ሁሉ ሰው ከየት አመጡት?”

“አስተማሪ ነበሩ” አልሁት።

“የት?” አለኝ።

ዲግሪ ይጠቅማል ወይ? ይጠቅማል እንጂ። የሚያበግነኝም መጥቀሙ ነው። አማርኛውን ከመሪጌታ ተምሬ ሄድሁ፣ ወረቀቷን ከሌላ ቤት ተቀበልሁ፣ ተመልሼ እሳቸው በተከለከሉት ቦታ ቆምሁ። በየማለዳው ጠመኔውን የሚያቀብሉኝ እሳቸው ነበሩ።

ትተውልኝ የሄዱት ይህን አማርኛ ነው። ስናደድም የምናደደው በእሱው ነው።