ላይኛ መቀመጫ የሌለው ድግስ

ሶዶ የገባሁት ጣሊያን አገራችንን ከመውረሩ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ጢሜ ገና በደንብ አልወጣም፤ ጉራዬ ግን ከኔ በፊት ነበር የሚሄደው። አዲስ አበባ ከፈረንጅ መምህራን ቅየሳና ንድፍ ተምሬ፣ መሐንዲስ ተብዬ፣ ከሶዶ ወደ ሁምቦ በሚወርደው መንገድ ላይ የእንጨት ድልድይ እንድሠራ ተላክሁ። አብሮኝ የተመረቀ አንድ ጓደኛዬም ተላከ። የሁምቦ ልጅ ነው፤ ወላይትኛውም አማርኛውም እንደ ውኃ ይፈስለታል። ጠባያችን ግን ለየቅል ነው፤ እኔ ቶሎ እናደዳለሁ፣ እሱ ቶሎ ይስቃል።

የሥራው አለቃ ገና ስንደርስ ክረምት ሳይገባ ድልድዩ ካላለቀ ሌላ ሰው እንደሚያስመጣ በግልጽ ነገረኝ። ለሌላው ሰው ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። እናቴ ግን ልጄ መሐንዲስ ሆነ ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች፤ ድልድይ ሳልሠራ ተባርሬ ብመለስ እንዴት ቀና ብላ ትሄዳለች? ሌሊት ሌሊት ይኼ ነበር እንቅልፍ የሚነሳኝ።

እንጨቱ ተቆርጦ ወንዙ ዳር ተከምሯል። የጠፋው የሚጠርበው ሰው ነው። የከተማው አናጢና ግንበኛ ሁሉ በአንድ ማኅበር ውስጥ ነበር። ማኅበሩ እንደ ጽዋ ማኅበር ነው፤ በየወሩ በተራ በየአባሉ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ስለ ሥራ ይወራል። መሪያቸውንም እንደ ጽዋው ሙሴ ይሉታል። ታዲያ አባል ካልሆነ ሰው ሥር ማንም መጥረቢያ አያነሳም። እምቢ ብለውኝስ ቢሆን ጥሩ ነበር። የሄድኩበት አናጢ ሁሉ ወንበር ስቦ ያስቀምጠኛል፣ የሚጠጣ ይሰጠኛል፣ እሺ ነገ ብሎ እስከ ደጁ ይሸኘኛል። ነገ ይመጣል፣ አናጢው አይመጣም።

ማኅበሩ ጠላን እንዳልል ደግሞ ለወሩ ስብሰባ ሁለታችንንም ጠርተውናል። ሄድን። በበሩ ሥር አስቀመጡን። ላይኛው መቀመጫ ላይ ሙሴው፣ ከሱ ቀጥሎ አንጋፋዎቹ፣ እንዲህ እያለ በዕድሜ ይወርድና መጨረሻው እኛ ነን፤ ከኛ ቀጥሎ የቤቱ ውሻ። ወሬውም እንደ አቀማመጡ ከላይ ነው የሚጀምረው። እያንዳንዱ ሽማግሌ መርቆ፣ ያለፈውን አንስቶ፣ ወዳጁን ተርቦ ሲጨርስ መሸ። ተራው እኛ ጋ ሲደርስ ሰዉ ጋቢውን እየሰበሰበ ነበር። እኔ ግን ማን ያቆመኛል፣ ስለ ምሰሶ አቋቋም ንግግሬን ጀመርኩ። አንዱ አንጋፋ በጥሞና ካዳመጠኝ በኋላ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስብሰባው በዚሁ ተፈታ።

ስንወጣ ሙሴው፣ ያ ድምፁ ወንዝ ማዶ የሚሰማ ትልቅ አናጢ፣ ትከሻችንን ይዞ ወጣት እንደሚያስፈልጋቸው፣ እነሱ እያረጁ እንደሆነ ነገረን። መግባት ከፈለግን መንገዱ ቀላል ነው፤ ቤታችን ውስጥ ማኅበሩን አንድ ጊዜ ደግሰን ማብላት ብቻ።

የምን ቤት! እኛ ከአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጓዳ ተከራይተን የምንኖር ነን፤ አንዳችን ከተኛ ሌላው ቁጭ ማለት አለበት። መንገዱን ሙሉ ተበሳጨሁ። ድግስና ድልድይ ምን አገናኛቸው፣ የተማረ ሰው እንዲህ ይደረጋል ወይ እያልኩ ጮህኩ። ጓደኛዬ ግን ቤት ባይኖረንም ወንዝ አለን አለ። እዚያው ሥራው ቦታ፣ እንጨቱ መሀል እንደግሳለና! አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

አከራያችን ነገሩን ስትሰማ ገና ሳንለምናት እጅጌዋን ጠቀለለች። ቆጮውን፣ ጎደሬውን፣ በሚጥሚጣ የሚለበልበውን ዳጣ፣ ለመጠጥም ቦርዴውን እሷ ያዘች፤ የጓደኛዬ አጎቶች ከሁምቦ ፍየሎች እየነዱ መጡ። ለኔ የቀረኝ መቀመጫው ነበር። እዚህ ላይ ነው ትምህርቴን ያወጣሁት። ካስማ ተክዬ፣ ገመድ አስሬ፣ ዙሪያውን ለክቼ፣ ከከተማ የተዋስኳቸውን ሳንቃዎች በጉቶ ላይ አጋድሜ ፍጹም ክብ የሆነ መቀመጫ ሠራሁ። ላይ የለ፣ ታች የለ፣ በር ሥር የለ። እንግዲህ ወሬው ከየት እንደሚጀምር አያለሁ አልኩ በሆዴ። ጓደኛዬ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየና ላይኛው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ። የለም አልኩት፣ ኮራ ብዬ። ራሱን አከከና ወደ ፍየሎቹ ሄደ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማኅበርተኛው ነጭ በነጭ ለብሶ ቁልቁል መጣ። ሙሴው ክቡ መሀል ገባና ቆመ። ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ። የተከተሉትም ቆሙ። ከዚያ መገባበዝ ተጀመረ። አንዱ በዳገቱ በኩል ያለው ነው ላይኛው ብሎ ሌላውን ወደዚያ ይገፋል፤ ሌላው ደግሞ ወንዙን የሚያየው ነው እንጂ ብሎ በሞቴ፣ በሞቴ እያለ ይመልሰዋል። ማንም ታች ተቀመጠ መባል አይፈልግም፤ ማንም ደግሞ ያለ ቦታው ላይ ወጣ መባል አይፈልግም። አከራያችን የሥጋውን ትሪ ተሸክማ ቆማ በዓይኗ ትበላኛለች። ሥጋው ቀዘቀዘ። ጭራሽ ሁለቱ አንጋፋዎች ማን ይቅደም ሲሉ ተቀያየሙና አንደኛው ቤት የረሳሁት ጉዳይ አለ ብሎ ጋቢውን ማጣፋት ጀመረ።

እሱ ከሄደ ሌሎቹም ይከተሉታል። ካልተበላ ድግስ የለም፣ ድግስ ከሌለ አባልነት የለም፣ አናጢም የለም። ክረምቱ ደግሞ ደመናውን ከወዲያ ማዶ መቆለል ጀምሯል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ያን ጊዜ ንዴቱም ኩራቱም ጥሎኝ ሄዶ መሰለኝ፣ ሙሴው ፊት ሄጄ ቆምኩ።

“ጋሼ፣ ላይኛውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አልኩት። “በር ሥር መቀመጥ ቢመረኝ ነው።”

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ቀጥሎ ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረና ያ ድምፁ በሳቅ ፈነዳ። ጋቢውን ሰብስቦ፣ ሳንቃዎቼን ሁሉ ትቶ፣ ክቡ መሀል ሣሩ ላይ ዘጭ አለ።

“በሉ፣ ከኔ በላይ የሚቀመጥ ካለ ሳንቃው ያውላችሁ” አለ።

ማን ደፍሮ! አንድ በአንድ ሣሩ ላይ ተዘረጉ። ጋቢውን ያጣፋውም ሰውዬ ጉልበቱን እያሸ ከባላንጣው ጎን ተቀመጠ። በገመድ የለካሁት መቀመጫዬ ባዶውን ዙሪያችንን ከቦ ቀረ። ተመረቀ፣ ተበላ። ዳጣው እንባቸውን ሲያወርደው እየሳቁ ቦርዴውን ላዩ ላይ ይደግሙበታል። መሀል ላይ ሙሴው ጎኑ ያለውን ሣር መታ መታ አደረገና ጠራኝ። የመረረኝን ሁሉ አሁኑኑ፣ ከሁሉም በፊት እንድናገር አዘዘኝ።

ተናገርኩ። ስለ ምሰሶው፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ አለቃው ማስጠንቀቂያ፣ በመጨረሻም ሳላስበው ስለ እናቴ። ጓደኛዬ አማርኛው ለሚከብዳቸው በወላይትኛ እየደገመ ነበርና፣ እናቴ ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። ሙግቱ ግን ከዚያ በኋላ ነው የደራው። ምሰሶው ቀጥኗል ያለኝ አለ፣ እኔም እየተቆጣሁ መለስኩለት፣ እሱም ተቆጣኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ተጣልቼ አላውቅም። ሲሄዱ ግን እንመጣለንም አንመጣምም ያለ ሰው አልነበረም፤ መረቁን፣ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት እኔና ጓደኛዬ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ወንዙ ዳር ወርደን እንጨቱ ላይ ቁጭ አልን። እሱ እንኳ አልሳቀም። ፀሐይዋ ወጣች፣ መንገዱ ጭር እንዳለ ነው። ልቤ ወደ አዲስ አበባ ጓዙን መጠቅለል ጀምሯል። ከዚያ በዳገቱ በኩል ወሬና ሳቅ ተሰማ። መጥረቢያ በትከሻ፣ መሮ በጉያ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ይወርዳል፤ ፊት ፊት ሙሴው ለሁለት ሰው የሚሆነውን ረጅም መጋዝ ተሸክሟል።

ተነስቼ ቆምኩ። እንባዬም መጣ፣ ምን ልደብቅ። ሙሴው መጋዙን ትልቁ ግንድ ላይ አጋደመና በቁጣ ገላመጠኝ።

“ምን ይገትርሃል? ያንን ጫፍ ያዝ እንጂ!”

ያዝኩ።