ዳንኤል አልዘገየም

ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ በሳክስፎኔ ሥራ የጀመርኩት ፓይንሪጅ ሰፈር፣ ጋሼ ተፈራ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። እሁድ ከሰዓት ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ሲሆን፣ በሆቴል ባንድ ውስጥ ስጫወትበት የኖርኩትን አልቶ ሳክስፎን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ተፈራ ኪቦርድ ይጫወታሉ፤ ሠርግና በዓል ላይ የሚጠራ ባንድም ይመሩ ነበር።

ሳጥኔን ስከፍት ሪዷ ተሰንጥቃ አገኘኋት። ሪድ ማውዝፒሱ ላይ፣ ማለት በአፍ በሚያዘው ጫፍ ላይ የምትታሰር፣ ከሸምበቆ የተላገች ስስ ቁራጭ ናት፤ እሷ ካልተርገበገበች ሳክስፎን ቧንቧ ነው። ሁለተኛዋን ባወጣ እሷም ተጣማለች። የዚህ አገር አየር እንዲህ ደረቅ መሆኑን ማን ነግሮኝ። ጋሼ ተፈራ ወደ ላይ ወጥተው የብርቱካን ልጣጭ ይዘው ተመለሱና ሳጥኑ ውስጥ ከሪዶቹ አጠገብ አስቀመጡልኝ። "በየሦስት ቀኑ ቀይረው፤ እዚህ አገር ያልረጠበ ነገር ይሰነጠቃል" አሉኝ። የተጣመመችውን በምራቄ አለስልሼ ልምምድ ጀመርን።

ሁለተኛው ዜማ ላይ አቆሙንና ወደ ድራመሩ ዞሩ። "ምነው ዛሬ ቸኮልክ?" አሉት። ድራመሩ "ይቅርታ ጋሼ" ብሎ አንገቱን ደፋ። እሱ ግን አልቸኮለም። የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያ ቀኔ ሰው ፊት እንዳላፍር ብለው በእሱ በኩል ነገሩኝ። ለእሱም ገብቶታል፣ ለእኔም ገብቶኛል። በሚቀጥለው ዙር ዝግ አልኩና ነገሩ በዚሁ አለቀ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ባንድ ውስጥ በመግባቴ ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ሠራን። በሥራ ቀን ኦግደን ሰፈር ውስጥ መጋዘን ዕቃ ስጭን እውላለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ እነፋለሁ። የራሴን ዜማዎች መጻፍ የጀመርኩትም በምሳ እረፍት፣ የመጋዘን ቅጽ ጀርባ ላይ ነው። በእኛ ቅኝት የተሠሩ፣ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች በተራው የራሱን የሚፈጥርበት ቦታ ያላቸው የጃዝ ዜማዎች ነበሩ። ጋሼ ተፈራ ሰሟቸውና አንድ ቀን "በል አሁን አንተ ምራ፣ እኔ ኪቦርዴን ልጫወት" አሉኝ። እንዲህ በቀላሉ የመሪነቱን ወንበር የሚለቅ ሰው ከእሳቸው በቀር አላየሁም።

ቤዝ ጊታር የሚጫወትልኝ ዳንኤል ነው። እዚሁ ካልጋሪ፣ ራንድል ሰፈር ያደገ፣ ቤዝን በወላጆቹ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ የጀመረ፣ ኋላም ኮሌጅ ገብቶ ሙዚቃ የተማረ ወጣት ነው። ኖታ ሲያነብ እኔን ያስንቀኛል። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው።

የመጀመሪያ አልበማችንን የቀዳነው ኦግደን፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለች ትንሽ ስቱዲዮ ነው። ባቡር ሲያልፍ ቀረጻ ይቆማል። ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን በአንድ ላይ ስለምንጫወት፣ የአንዱ ስህተት ለብቻው ተቆርጦ አይወጣም። አንዱን ዜማ በአንቺሆዬ ቅኝት፣ ለጋሼ ተፈራ ብዬ ነበር የጻፍኩት። ዕድሜያቸው ሰባን አልፎ፣ ጣታቸውም መተሳሰር ጀምሮ ነበር። እጃቸው ሳይደክም አንድ ዜማ ተቀድቶ እንዲቀርልኝ እፈልግ ነበር። ከአልበሙ ሁሉ ያቺ አንዷ ትበልጥብኝ ነበር።

ሦስት ዙር ሞከርን። ጋሼ ተፈራ ብቻቸውን የሚጫወቱትን ሶሎ ጨርሰው ወደ ዜማው ሲመለሱ በየዙሩ ይዘገያሉ። የስቱዲዮው ድምፅ ቀራጭ በእኔ ሄድፎን ብቻ "ኪቦርዱ ነው የሚዘገየው፤ ንገረው" አለኝ። እንዴት አድርጌ ነው የምነግራቸው? በአባቴ ዕድሜ ያሉ፣ በዚህ ከተማ ሥራ ያስያዙኝ ሰው ናቸው። ወደ ዳንኤል ዞርኩ።

"ዳኒ፣ እየዘገየህ ነው" አልኩት።

"ይቅርታ" ብሎ እንዲያልፈው ነበር የጠበቅኩት። እሱ ግን እውነት መሰለው። በሚቀጥለው ዙር እየሮጠ ተጫወተ፣ ዜማው ተበታተነ። እኔም ተናድጄ ይሁን አፍሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ምቱን መያዝ ካቃተህ ተናገር" አልኩት።

ዳንኤል ገመዱን ነቀለ። "ጌች፣ ኦን ታይም ነኝ። ድራሙን እየሰማሁ ነው። ላይክ፣ ምን እንደምትፈልግ አይገባኝም። ይሄን ጊግ ሌላ ሰው ይሥራው።" ቤዙን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ወጣ።

ውጭ ባቡር ማለፍ ጀመረ። ጋሼ ተፈራ እጃቸውን ከኪቦርዱ አላነሱም።

"ለእኔ ነው አይደል?" አሉኝ።

ሳክስፎኔን ከአንገቴ አወረድኩ።

"ገና ስትናገር ነው የገባኝ። ላስተካክል ሞከርኩ፣ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ ልጁ በእኔ ጥፋት ሲሰደብ ቁጭ ብዬ አየሁ። ይሄን አመል ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። የዚያን ጊዜው ድራመር አገር ቤት ያደገ ነው፣ ይገባው ነበር። ይሄ ልጅ የሚሰማው የተባለውን ነው። ተነስ፣ እንሂድ።"

ዳንኤል ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናውን አስነስቶ ተቀምጧል። ጋሼ ተፈራን ሲያይ ዘሎ ወረደ። "ጋሼ፣ ጃኬት እንኳን አልለበሱም፣ ይግቡ" ብሎ በሩን ከፈተላቸው። እኔ ከኋላ ገባሁ።

"የዘገየሁት እኔ ነኝ ልጄ" አሉት። "ጌታሁን ለእኔ ማለቱ ነው። ትልቅ ሰው ላለማሳፈር ለትንሹ ይነገራል። እኛ እንዲህ ነን።"

ዳንኤል ተራ በተራ አየን። "ዌይት፣ ሁለታችሁም ታውቁ ነበር?"

"እናውቅ ነበር።"

"ይሄ ክሬዚ ነው ጋሼ፣ ሶሪ።" ወደ እኔ ዞረ። "እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ ራሴን ቼክ አደረግኩ። ኔክስት ታይም ለእሳቸው ንገራቸው፣ ምንም አይሆኑም።"

"ይቅርታ አድርግልኝ ዳኒ፣ አልዘገየህም" አልኩት። ይህችን ለማለት ያን ያህል መንገድ መዞሬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ተመልሰን ገባን። መፍትሔውን ያመጣው ራሱ ዳንኤል ነው። "ጋሼ፣ የግራ እጅዎን ኖት በሙሉ እኔ በቤዝ ልጫወተው፤ እርስዎ በቀኝዎ ብቻ ይጫወቱ" አላቸው። ተስማሙ። ጀመርን። ከሶሎው ሲመለሱ አሁንም ትንሽ ዘገዩ። እጄን አንስቼ ባንዱን አቆምኩ። ዳንኤል ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የዘገዩት" አልኩ።

"በምን ያህል?"

"በግማሽ ምት።"

"እሺ" አሉ፣ ወንበራቸውን ትንሽ ወደፊት አስጠግተው። ቀጣዩ ዙር አልበሙ ላይ ያለው ነው። ቀራጩ መጀመሪያው ላይ ያቺን "እሺ" ሳይቆርጥ ተዋት፤ እኔም አላስቆረጥኳትም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት አልበም ጨምረናል፤ በአንዱ ላይ ጋሼ ተፈራ አሉበት። አሁን መጫወት አቁመዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። የቀዳነውን ስወስድላቸው ሰምተው ይደውሉና "አራተኛው ላይ ቸኩለሃል" ይሉኛል፣ ለእኔ ለራሴ። በዚህ ከተማ ሥራም፣ ባንድም፣ እርማትም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ አመሰግናቸዋለሁ። ዳንኤልም እስካሁን ከእኔ ጋር ነው። ሳጥኔ ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ ጠፍቶ አያውቅም።

ባንድ ለምትመሩ፦ ስህተቱን ለሠራው ሰው ለራሱ ንገሩት። አንቱ እያላችሁም መንገር ይቻላል።