እናቱን የተማረ ልጅ

ጠጥቶ የሚረብሽ ሰው ሲያዩ «አብሾ አለበት» ብለው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ታላቅ ወንድሜን የነጠቀን አብሾ ነው።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነበር። ወንድሜ ከመንደራችን ከአምበር ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ቅኔ ይማር ነበር። ትምህርት አልገባ ያለው ተማሪ አእምሮ ይከፍታል የሚባለውን አብሾ፣ ያንን የዕፅ ብጥብጥ፣ ይጠጣል። የሚሰጠው ግን መምህሩ ነው፤ መጥኖ፣ አጠገቡም ሆኖ ይጠብቀዋል። የእኛው ጉድ «ጓደኞቼ ቀደሙኝ» ብሎ ተቻኮለና ከመምህሩ ተደብቆ ጠጣ። መጠኑን ከየት ይወቀው!

በበቅሎ ጭነው ሲያመጡልን ስሙን እንኳ አያውቅም ነበር። ያ ዳዊት በቃሉ የሚወጣው ልጅ የተወለደበትን ቤት እንደ እንግዳ ቆሞ አየው።

ጎረቤት «የፈሰሰ ውሃ ላይታፈስ ምን ያደክማታል» ቢልም፣ እናቴ እልኸኛ ነበረች። አጠገቧ አስቀምጣ እንደ ሕፃን ታስተምረው ጀመር። ይህ እሳት ነው፤ ይህች እህትህ ናት፤ እኔ እናትህ ነኝ። በትክክል ሲመልስላት «ጎበዝ!» ትለዋለች። እሱም ተማረ። ፊደሉን፣ ዳዊቱን፣ የሰዉን ስም ሁሉ እንደ አዲስ ያዘ። አባቴ «አእምሮው ተመለሰ» ብሎ ስለት አስገባ። እናቴ ግን ማስተማሯን አላቆመችም። አብረን ስላደግንበት ዘመን ስናወራ እሱ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ በትሕትና ሲያዳምጥ ታየው ነበርና።

አሁን ነርስ የሆነችው ልጄ፣ በአዋቂ ሰው አንጎልም አዲስ ህዋስ ይበቅላል፣ ለአዲስ ትምህርትም ያግዛል የሚሉ ሊቃውንት አሉ ትለኛለች። እውነት ይሆናል፤ ወንድሜም እንደዚያ ሆኖ ይሆናል የተማረው። እኔ ግን ስትነግረኝ ተናደድኩ። አዲሱስ ይብቀል፤ የድሮውን ማን ይመልስልኛል?

እናቴ ታማ አልጋ በያዘች ጊዜ ወንድሜን ጠራችው። እጁን ይዛ «ልጄ፣ እኔ ማን ነኝ?» አለችው።

ጎንበስ ብሎ፣ መምህሩ ፊት እንደቆመ ተማሪ፣ «እናቴ ነዎት። አስተምረውኛል» አላት።

«ጎበዝ» አለችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።