መዶሻው ድምፁን ሲቀይር

ለሃያ ስድስት ዓመት ለአጥንት ሐኪሙ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ያቀበለችው ነርስ የራሷ ዳሌ አለቀ። ሐኪሙ ራጇን መብራቱ ላይ ሰቅሎ አየው።

"ሲስተር፣ ይሄ መገጣጠሚያ አይደለም፤ ዝገት ነው።"

"አብረን ነው እኮ የዛግነው፣ ዶክተር።"

ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሊያስገባላት ምርጫ ሰጣት፤ በእጅ ወይም በሮቦት። በእጅ ከሆነ በዓይኑና በልምዱ ይሠራል። በሮቦት ከሆነ አስቀድሞ ሲቲ ስካን ትነሣለች፤ ኮምፒውተሩ የዳሌዋን ካርታ ያወጣል፤ የማሽኑ ክንድ እጁ ከካርታው ዝንፍ እንዲል አይፈቅድለትም።

"በሮቦት ከሆነ አዲሱ የዳሌሽ ጎድጓዳ ልክ ቦታው ላይ ያርፋል" አለ። "አካሄድሽ ይበልጥ ያምራል ወይ ካልሽኝ ግን፣ እስካሁን ብዙም ልዩነት አላየሁም።"

"መዶሻውስ?"

"ጭንሽ ውስጥ የሚገባው ዘንግ በሁለቱም በመዶሻ ነው። የኛ ሮቦት እዚያ አይደርስም።"

አንገቷን ደፋች። ሮቦት ሲባል ከመዶሻው የምታመልጥ መስሏት ነበር።

ዘንጉ አጥንት ውስጥ ሲገባ መዶሻው መጀመሪያ ድፍን ድምፅ ያወጣል። ጥብቅ ብሎ ሲይዝ ድምፁ ይቀጥናል። ያኔ ይቆማል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ሳለ፣ ከቀጭኑ ድምፅ በኋላ ሌላ ድምፅ ሰማች። ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚያወጣው ዓይነት። ቀና አለች፤ ሌላ ቀና ያለ ሰው አልነበረም። ሆድ ይፍጀው ብላ ቀጣዩን መሣሪያ አቀበለች።

በሳምንታት ውስጥ ዘንጉ ሰመጠ፤ የሰውየው እግር አጠረ። ሁለተኛ ቢላ አልፈልግም አለ። ጫማ ሰፊ አንዱን ሶል አወፈረለት። በየወሩ በአምስተኛው ቀን የቤቷን ቆጣሪ ሊያነብ አራተኛ ፎቅ ይወጣ ነበር፤ ርምጃው አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል።

"ሲስተር፣ የሚያነክሰው እኮ ደረጃችሁ ነው!" ይላታል። ይስቃል። ውሃ ትሰጠዋለች። አልነገረችውም።

ኋላ በርቀት የሚነበብ ቆጣሪ መጣና ሰውየው ጡረታ ወጣ። ባለፈው ዓመት ሞተ። በአምስተኛው ቀን ርምጃው አሁንም ይመጣል። አራተኛው ፎቅ ላይ ይቆማል። በሩ አይንኳኳም።

ሮቦቱን መረጠች። ግን ከወገቧ በታች ብቻ እንድትደነዝዝ ጠየቀች።

"ተኝተሽ ብታሳልፊው አይሻልሽም?"

"ጆሮዬን እፈልገዋለሁ።"

ከመጋረጃው ወዲህ ተጋድማ አዳመጠች። የማሽኑ ክንድ ድርሻውን ጨርሶ ወደ ጥግ ተገፋ። መዶሻው ተነሣ። ድፍን። ድፍን። ቀጭን። አሁንም ቀጭን። ከዚያ ከሥሩ የእንጨቱ ድምፅ፣ በጣም ትንሽ።

"ያቁሙ!"

መዶሻው ቆመ። እዚያው ራጅ ተነሣች። ጭኗ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች።

"ሽቦ" አለ ሐኪሙ። ሽቦውን አጥንቷ ዙሪያ እያጠበቀ ጠየቃት፤ "ዝም ብትዪ ኖሮ ዘንጉ ይሰምጥ ነበር። እንዴት አወቅሽ?"

"በፊትም ሰምቼዋለሁ። የቆጣሪ አንባቢው ጊዜ። ዝም አልኩ።"

አቀባይዋ ወጣት ነርስ ዓይኗን ከመሣሪያዎቹ አላነሣችም። ሽቦው አንድ ዙር ተጠመዘዘ። ሌላ ዙር።

"ያኔ እኔም ሰምቼ ነበር" አለ ሐኪሙ።

በአምስተኛው ቀን ቤቷ ነበረች። አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል። ርምጃው አራተኛው ፎቅ ላይ ሲቆም፣ ክራንቾቿን ይዛ ተነሣችና በሩን ከፈተች።