«አልገባኝም» ባዩ አያቴ

ለልቅሶ የመጣው ሁሉ የአያቴን ደግነት አወራ። እኔን የናፈቀኝ ግን «አልገባኝም» ማለታቸው ነው።

እዚሁ አሰላ፣ በእሳቸው ሳሎን፣ የራሴን የማስጠናት ሥራ የጀመርኩ ቀን አራት ተማሪዎች መጡ። አራቱም ፈርተውኛል፤ እኔ ደግሞ ከእነሱ የባሰ ፈርቻለሁ። «ገባችሁ?» ስል «አዎ ቲቸር» ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን በር በሩን ያያል። ይሄኔ አያቴ ከኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«መምህርት፣ እኔ አልገባኝም። እስቲ በኦሮምኛ ይሞክሩልኝ።»

ሁልጊዜ «አንቺ ቀዥቃዣ» የሚሉኝ ሰውዬ እርስዎ አሉኝ! ልጆቹ ሳቃቸውን ለቀቁት፤ ከዚያ ወዲያ ጥያቄያቸውን ማን ያስቁመው።

እኚህ ሰው እኮ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእርሻ መሬት ሲለኩ የኖሩ፣ ክፍልፋይን ያለ ወረቀት የሚሠሩ ናቸው። «ለምን እያወቁ እንደማያውቅ ሰው ይሆናሉ?» ብላቸው፣ «አንድ ሰው ቀድሞ ማፈር አለበት። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ምን እሆናለሁ?» አሉኝ። እኔ ስሳሳት ደግሞ ስህተቴን ራሴ እስካገኘው ድረስ በጭራሽ አይገባቸውም ነበር።

ካረፉ ወዲህ ወንበራቸው ላይ ማንም አይቀመጥም። ትናንት ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ሠርቼ «ገባችሁ?» አልኩ። ከዚያ ከበቆጂ የመጣች አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም።»

ዞሬ ሰሌዳውን አየሁ። ተሳስቻለሁ።