ባዶውን ያልተመለሰው ሃርድ ዲስክ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የአኬሎ ጌም ቤት ማሽን ጌሞቹን አላይም ማለቱን መጀመሪያ ያወቀችው አኬሎ ራሷ ናት። ሁለተኛዋ ጥሩነሽ ነበረች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው መቁጠር አያስፈልግም፤ ጥሩነሽ ካወቀች ከገበያው እስከ ባሮ ድልድይ ድረስ ያላወቀ ሰው ቢኖር ታሞ የተኛ ነው።

ጥሩነሽ በጌም ቤቱ በር ላይ ሻይና ቦንቦሊኖ ትሸጣለች። ከጎሬ ከመጣች ብዙ ዘመኗ ነው። «እኔ እንኳን ለማንም አልተነፈስኩም» ሳትል የጀመረችው ወሬ የለም።

«አንቺ አኬሎ፣ ሞተ እንዴ?» አለች፣ ጭንቅላቷን በመጋረጃው አስገብታ።

«ማን?»

«ማሽኑ ነዋ!»

«አልሞተም። አኩርፏል።»

«ዛሬ ያኮርፋል? ዛሬ? የአቦቦ ልጆች መንገድ ላይ ናቸው እኮ!»

ይህን አኬሎ አልረሳችውም። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳያጨቀየው በፊት፣ የአቦቦና የጋምቤላ ልጆች በጌም ኳስ ይገጥማሉ። ውድድሩ ሁልጊዜ የሚካሄደው እሷ ቤት ነው። ዘንድሮ ግን ተሰማ የሚባል ሰው ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቷ፣ አዲስ ጌም ቤት ከፍቷል። አዲስ ማሽን፣ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን፣ በዚህ ሙቀት ሹራብ የሚያስለብስ ኤሲ። የአቦቦዎቹ አለቃ ኦቻንግ ማለዳ ደውሎ ቁርጡን ነግሯታል፦ «እህቴ አኬሎ፣ አንቺን ማንም አይጠላም። ግን ስምንት ሰዓት ላይ ማሽንሽ ካልተዘጋጀ ተሰማ ጋ እንገባለን። አንዴ ከገባን ደግሞ የከርሞውም እዚያው ነው።»

የከርሞው እዚያው ከሆነ ደንበኛውም እዚያው ነው። ልጆች የሚጫወቱት ትልቁ ግጥሚያ በተደረገበት ቤት ነው፤ ያሸነፉበትን ወንበር ይፈልጋሉ። አኬሎ ይህን ስለምታውቅ ስልኩን ስትዘጋው «ኑ ብቻ፣ ወንበሩን ወልውዬ ነው የምጠብቃችሁ» ብላ ነበር። ሃርድ ዲስኩን የሰካችው ከዚያ በኋላ ነው። ስክሪኑ ላይ ጌም የሚደረደርበት ቦታ ባዶ ሆኖ ተቀበላት።

አኬሎ ከመንታ ወንድሞቿ ቀጥላ የተወለደች ናት፤ ስሟም በአኙዋክኛ ይህንኑ ይናገራል። ከመንታ ቀጥሎ የመጣ ልጅ የሚደርሰው ሁሉ የተነካካ ነው፤ ልብሱም፣ መጫወቻውም። ስለዚህ የተበላሸ ነገር ሲሰጧት አትደነግጥም። ማሽኑንም ያገኘችው እንደዚያው ነው። አንድ ከዲማ የመጣ ወርቅ ቆፋሪ አዲስ አበባ ወጥቶ ገዛው፣ አንድ ወር ተጫወተበት፣ ከዚያ አልበራ ሲለው፣ ያኔ ፊልም ቤት በር ላይ ቲኬት ትቆርጥ ለነበረችው አኬሎ «እስኪ ሞክሪው» ብሎ ጥሎላት ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ሞከረችው። በሽንኩርት ቢላ ከፈተችው፤ በውስጡ ያገኘችው የዲማ አፈር ነበር። በጥርስ ብሩሽ ጠረገችው፤ ተነሣ። ወርቅ ቆፋሪው በኋላ ሲመጣ «በቃ ላንቺ ይሁን፣ እኔን አያውቀኝም» አላት። ሰፈሩ ግን እስካሁን «ወዷት ነው የሰጣት» እያለ ያወራል፤ አኬሎም አታስተባብልም፤ ወሬው ደንበኛ ያመጣል።

ማሽኑ ክራክ የተደረገ ነው፤ ማለትም ጌም በሲዲ እየገዙ ሳይሆን ከሃርድ ዲስክ ላይ እንዲያጫውት ተከፍቷል። እንዲህ ያለ ማሽን ጸባይ አለው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ክራኩን እንደገና ማንቃት ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ጌሞቹ የጠፉ ይመስለውና ይጮኻል። አኬሎ ግን አልጮኸችም። መጀመሪያ አነቃችው። ባዶ። ዝርዝሩን እንደ አዲስ እንዲያነብ አዘዘችው። ባዶ። ገመዱን ቀየረች፣ መሰኪያውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረች፣ ላቧን በነጠላ ጫፍ ጠረገች። አሁንም ባዶ።

«ቡና ቤቱ አጠገብ ያለውን ጸሎት የሚያደርግ ሰው ልጥራልሽ?» አለች ጥሩነሽ።

«ለማሽኑ?»

«ለአንቺ!»

«እትዬ፣ ሻይ አምጪልኝ። ስኳሩን አብዢው።»

ሃርድ ዲስኩን ነቅላ በአሮጌው ላፕቶፗ ላይ ሰካችው። ሁሉም እዚያው ነበር። ኳሱም፣ መኪናውም፣ ድብድቡም፣ እያንዳንዱ በየፎልደሩ እንደ ተማሪ ተሰልፏል። እንግዲህ ጌሞቹ አልጠፉም፤ ማሽኑ ነው የማያያቸው። ማሽኑ ግን ትናንት በሌላ ፍላሽ ፊልም አሳይቷል፤ ዓይኑ ደህና ነው። ዲስኩ ላፕቶፑ ላይ ይታያል፤ ዲስኩም ደህና ነው። ሁለቱ ደህና ሆነው የማይተያዩ ከሆነ መካከላቸው የገባ ሰው አለ። በሰፈሩ ያለ ጥል ሁሉ እንደዚህ ነው የሚጀመረው፤ አኬሎ ደግሞ ወሬ እየሰማች ያደገች ልጅ ናት።

የገባውን ሰው ፍለጋ ዝርዝሩን ወደ ታች ስታወርድ፣ ከጌሞቹ ሥር እሷ ያላስቀመጠችው አንድ ነገር ተኝቶ አገኘች። የዘማሪዎች ቪዲዮ። አንድ ነጠላ ፋይል፣ ዘጠኝ ጊጋ።

ሻይዋን አስቀመጠች።

«እትዬ! ገባኝ!»

«ማን ነው? ማን ነው?» ጥሩነሽ ቦንቦሊኖውን ጥላ ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአኬሎ ማሽን የሚያነበው አንድ የቆየ ፎርማት ብቻ ነው፤ ፋት 32 ይሉታል። ያ ፎርማት ከአራት ጊጋ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል በምንም ተአምር አያስገባም። ጌሞቿ ትልልቅ ቢሆኑም በትንንሽ ፋይል ተከፋፍለው ነው የገቡት። ዘጠኝ ጊጋ የሚያህል እንግዳ ግን በዚያ በር ሊገባ አይችልም። ገብቶ ከተገኘ በሩን ያሰፋው ሰው አለ።

ያን ሰው ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለጋትም። ደወለች።

ጌዴዎን የቤተ ክርስቲያናቸው ኪቦርድ ተጫዋችና ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ጎግ ላይ በተደረገው ኮንፈረንስ የቀረጸውን ለማምጣት ባለፈው ሳምንት ሃርድ ዲስኳን ተውሶ ነበር፤ የመለሰው ሐሙስ ማታ ነው፤ አርብ ደግሞ አኬሎ ፊልም ስታሳይ ስለዋለች አልሰካችውም። በሞተር እየበረረ መጣ፤ አኬሎ ስትጠራው እንደዚያ ነው የሚመጣው፤ ጥሩነሽ በዚህም ላይ የራሷ አስተያየት አላት።

«አየሽው?» አለ ገና ከሞተሩ ሳይወርድ፣ ፊቱ በርቶ። «ለማስደነቅ ነው ያልነገርኩሽ!»

«አየሁት። ተደነቅኩ። አሁን እንዴት እንዳስገባኸው ንገረኝ።»

«አልገባ ብሎኝ ነበር እኮ! ትልቅ ነው አለኝ። ከዚያ ጌሞችሽን በሙሉ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር አወጣሁ፣ ዲስክሽን በአዲሱ ፎርማት ፎርማት አደረግኩት፣ ጌሞችሽን መለስኩ፣ ከዚያ ቪዲዮውን ጨመርኩ። አንድም አልጠፋም። ቆጥሬያለሁ።»

«ለምን?»

ጌዴዎንን ጥያቄው ራሱ ገረመው። «እንዴት ለምን? የሰው እቃ ወስጄ ባዶውን ልመልስ?»

የአኬሎ እናት ከጎረቤት ሳህን ስትዋስ ማንጎም ቢሆን፣ ደረቅ ዓሣም ቢሆን፣ ምንም ከጠፋ አንድ እፍኝ በቆሎ ሳታደርግበት መልሳ አታውቅም። ባዶ ሳህን የሚመልስ ሰው ስሙ ለዓመት ይነሣል። ጌዴዎን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የሳህኑን ሕግ ሃርድ ዲስክ ላይ አዋለው።

«ወንድሜ ጌዴዎን» አለችው ሳቋን እየዋጠች፣ «ባለማንጎው ሳህኑን ቀይሮታል። ማሽኔ በዚህ ሳህን አይበላም።»

ፊቱ ጠቆረ። «እንደ ድሮው ልመልሰው?»

«ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። አሁን ሰባት ሰዓት አልፏል። ሁሉንም አያስፈልገኝም፤ ኳሱን ብቻ ነው የምፈልገው። ፍላሽ አለህ? አሥራ ስድስት ጊጋ።»

የጌዴዎን ፍላሽ ትንሽ ነበረች፤ ያውም ዜማ የሞላባት። የአኬሎዎቹም ቢሆኑ፣ ትናንት ፊልም ያሳየችበትም ሳይቀር፣ ያረጁና ጠባብ ናቸው። በመንገዱ ላይ ባዶ ትልቅ ፍላሽ በቁልፉ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር አንድ ሰው ብቻ ነበር። አኬሎ ነጠላዋን አስተካክላ መንገዱን ተሻገረች። ሰፈሩ ሁሉ ሥራውን አቆመ።

ተሰማ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ የአቦቦውን መኪና ሲጠብቅ ነበር።

«ጋሼ ተሰማ፣ ፍላሽህን አውሰኝ።»

«ለምንሽ?»

«ኳሱን ልጭንበት። ልጆቹ አንተ ጋ እንዳይመጡብህ።»

ተሰማ ከትከት ብሎ ሳቀ። የለኝም እንዳይል ፍላሹ ቁልፉ ላይ ይታያል። አልሰጥም እንዳይል ጥሩነሽ ማዶ ቆማለች፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ በእጇ፣ ጆሮዋ በእሱ ላይ። ፍላሹን ፈታ።

«ያዢ። ግን ካልደረሰልሽ የእኔ በር ክፍት ነው፤ ኤሲውም እየሠራ ነው።»

«በሩንማ ዝጋው ጋሼ፤ ቅዝቃዜው ይወጣብሃል።»

ተመለሰች። ፍላሹን ማሽኗ በሚወደው ፎርማት አዘጋጅታ ኳሱን መቅዳት ጀመረች። አረንጓዴው መስመር ትንሽ ሄደና ቆመ። ቀጠለ። እንደገና ቆመ። የላፕቶፑ ሆድ ቦንቦሊኖ ይጠብሳል። ጌዴዎን በካርቶን እያራገበለት «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ይላል። በዚህ መሐል የአቦቦው ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ ደረሰ።

«እትዬ ጥሩነሽ» አለች አኬሎ ዓይኗን ከመስመሩ ሳታነሣ፣ «ያን የወርቅ ቆፋሪውን ወሬ አውሪላቸው።»

«የትኛውን?»

«ረጅሙን።»

በሕይወቷ እንዲህ ያለ ሥራ የሰጣት ሰው አልነበረም። ጥሩነሽ ኦቻንግንና ጓደኞቹን በር ላይ አስቁማ ሻይ አስያዘቻቸው። «እኔ እንኳን ለማንም አልተነፈስኩም፣ ግን ይህ ማሽን ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ?» ብላ ጀመረች። ዲማ አደረሰቻቸው። ጉድጓድ አወረደቻቸው። ወርቅ ቆፋሪው ለአኬሎ ሊናገር የነበረውን ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ቦንቦሊኖ ልገልብጥ ብላ ተነሣች።

«ከዚያስ?» አለ ኦቻንግ።

«ቆይ፣ ያርርብኛል።»

«እትዬ፣ ምን አላት?»

ማዶ ተሰማ ቆሞ ሰዓቱን በጣቱ እያሳየ ነበር። ማንም አላየውም። ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶት ወርቅ ቆፋሪው ምን እንዳለ ይጠብቃል።

መስመሩ ሞላ። አኬሎ ፍላሹን ነቅላ ማሽኑ ላይ ሰካችው፤ ክራኩን አነቃች፤ ዝርዝሩን እንዲያነብ አዘዘች። ባዶው ቦታ ላይ መጀመሪያ አንድ ግራጫ ሣጥን መጣ። ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ ኳስ የሚመታ ሰው ብቅ አለ። ጌዴዎን ካርቶኑን ጣለው።

«ኦቻንግ!» ብላ ጮኸች። «ወሬ ልትሰማ ነው የመጣኸው ወይስ ልትጫወት?»

ገቡ። ለጋምቤላ ኳች የሚባለው ረጅሙ ልጅ ተጫወተ፤ ጉልበቱን የሚያጥፍበት ቦታ እስኪያጣ ሰው ሞላ። መጋረጃው ወለቀ፤ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠሉት ከውስጡ ሰው ይበልጡ ነበር። ኤሲ የለም፤ ቬንትሌተሩም ሙቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያድል ነበር እንጂ አላበረደም። ኳች ተሸነፈ፤ ሰበቡ ጆይስቲኩ ነው አለ፤ ማንም አላመነውም። ኦቻንግ ላቡ እየተንጠባጠበ ዋንጫውን አነሣ።

«የከርሞውስ የት ነው?» አለችው አኬሎ።

«እዚሁ ነዋ። የወሬውን መጨረሻ ገና አልሰማንም።»

ማምሻውን፣ ሰው ሲበተን፣ አኬሎ የተሰማን ፍላሽ አጸዳች። ልታደርስለት ተነሥታ ግን መልሳ ተቀመጠች። ጌዴዎን ያን ዘጠኝ ጊጋ ቆርጦ አንዲት አጭር መዝሙር እንዲያወጣላት ጠየቀችው፤ ለፍላሹ በልኩ የምትሆን። ፍላሹ ላይ ጫነቻትና ማዶ ተሻግራ ፍላሹን ለተሰማ ሰጠችው።

ተሰማ ባዶ መስሎት፣ አለመበላሸቱን ለማየት ብቻ ስፒከሩ ላይ ሰካው። የጎግ ዘማሪዎች በባዶው፣ በሚያምረው፣ በቀዝቃዛው ቤት ውስጥ በአኙዋክኛ ጮኹ። ተሰማ ደንግጦ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ፤ ከዚያ መሐል ላይ አቆመው።

«ይሄ ምንድነው አኬሎ?»

«ሳህንህን ነው የመለስኩልህ ጋሼ» አለች፣ መንገዱ መሐል ሆና።